ኬብል ይቀድማል

«የወንዝ ዳር ወረዳዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት በዛሬው ዕለት፣ ኃላፊው አቶ አጓ በክብር በተገኙበትና መላው ሠራተኛ ቆሞ በሚመለከትበት፣ አንድ ሰማያዊ ኬብል ከኮምፒዩተር ጋር መሰካቱን በታላቅ ደስታ ያበሥራል።»

ጽሑፉን ያነበበችው የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አኬሎ ናት። አቶ አጓ ኬብሉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀዳዳውን ለማግኘት ጥቂት ተቸግረው፣ በመጨረሻ ሰኩት። ቀጭ አለ። ተጨበጨበ። ጋምቤላ ውስጥ እጅን ከእጅ ማጋጨትም ላብ ስለሚያመጣ ጭብጨባው አጭር ነበር። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ጥግ ያለችው ትንሽ ክብ ምልክት አረንጓዴ ሆነች፤ ከሥሯም «ተገናኝቷል» የሚል ቃል ወጣ።

ከምን ጋር እንደተገናኘ የጠየቀ የለም። ኬብሉ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ሣጥን ይሄዳል፤ ከሣጥኑ ሌላ ሽቦ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ወዳለው ትልቅ ዲሽ ይወጣል። ዲሹ ገና ከነላስቲኩ ነው። የሚገጥሙት ባለሙያዎች ዝናቡ ሲያባራ ይመጣሉ ተብሏል። ሣጥኑ ግን መብራት ስላለው፣ ኮምፒዩተሩም መብራት ያየ ሁሉ ሰው ያለበት ስለሚመስለው፣ ተገናኘሁ አለ። የተገናኘው ከግድግዳው ጋር ነበር።

ይህን ከሁሉም አስቀድሞ ያወቀው የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም የሠራው የሱፍ ነው። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። አረንጓዴዋ በበራችበት ቅጽበት፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ሬድዮ ትንሽ ተንፍሶ ጠፍቷል፤ ሚስቱ ሳሊሃ ምጧ ሲመጣ የምትጠራው ደግሞ በዚያ ሬድዮ ነበር።

ሳሊሃ ኢታንግ አስተማሪ ናት። ኢታንግ ስልክ የላትም። መንገዱን በዚያ ክረምት ጭቃ ውጦታል፤ ባሮም ሞልቶ ሜዳውን ወንዝ አድርጎታል። አምና የመጀመሪያ ልጃቸው ሲመጣ ቃሉ ዘገየ፣ ጀልባው ዘገየ፣ ልጁ ሳያለቅስ ተቀበረ። ሳሊሃ ራሷ ለጥቂት ነው የተረፈችው። የጤና ረዳቱ በግልጽ ነግሯታል፤ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትሞክሪው፤ ሆስፒታል ካልደረስሽ ሁለታችሁንም እናጣለን።» እሷም ምዝገባ ሳያልቅ ቦታውን የለቀቀ አስተማሪ ቦታው አይጠብቀውም ስለተባለች፣ ወሩ እስኪገፋ ትቆይና ወደ ጋምቤላ ትመጣለች ተባለ። ሕመሙ ከቀደመ የኢታንግ ሬድዮ ሠራተኛ ኛታንግ መልእክት ትልካለች፤ የጽሕፈት ቤቱ ሞተር ጀልባ ሄዶ ያመጣታል። ባለፈው ሳምንት ኛታንግ እንዲህ ብላ ልካ ነበር፤ «ሳሊሃ እግሯ አብጧል። ሆዷ ወርዷል። ተዘጋጁ።»

ተዘጋጅተው የነበሩት ሬድዮው እስኪጠፋ ድረስ ነው።

ሬድዮው ለምን ጠፋ የሚለው የስብሰባ ውጤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸው ሦስት መንገዶች ነበሩት። አንዱ ስልኩ ላይ የተቀጠለው ሞደም ሲሆን፣ ደመና ባየ ቁጥር ይታመማል። ሁለተኛው ሬድዮው ነው፤ ጽሑፍን ወደ ጩኸት ለውጦ በአየር የሚሰድድ ትንሽ ሣጥን ተቀጥሎለት፣ ኢታንግንና አቦቦን ያገኛል። ሦስተኛው መጪው ኬብል። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፕሮግራም፣ የየራሳቸው መስኮት ስክሪኑ ላይ ይከፈት ነበር። አቶ አጓ ይህን አልወደዱትም። «ሦስት መስኮት ለሌባ ነው፤ አንድ አድርጋቸው» ብለው የሱፍን አዘዙት።

የሱፍ የአቦቦ ሰፋሪ ልጅ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው እስካሁን በቆሎ ያርሳሉ። እሱ ኮምፒዩተር የለመደው አንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ሲጠብቅ፣ ተበላሽተው የተጣሉትን እየፈታ ነው። ኬብልና ስልክ ብቻ የሚያውቅ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አገኘ፤ ሬድዮውን ራሱ ጨመረበት። ወራት ፈጀበት፤ ሠራ። አንድ ነገር ቀረ፤ ሦስቱም ባሉ ጊዜ ማሽኑ የትኛውን ያስቀድም?

ይህ የኮምፒዩተር ጥያቄ ስለነበር ስብሰባ ተጠራበት።

«ኬብሉ ከየት ነው የመጣው?» አሉ አቶ አጓ።

«ከአዲስ አበባ» አለ የሱፍ።

«ስልኩስ?»

«የከተማው ነው።»

«ሬድዮውስ?»

«እሱማ ድሮም እዚሁ ነበረ» አለች አኬሎ።

«እንግዲህ ምን ያከራክረናል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ከላይ ይቀመጣል።»

እንደ ሰርግ ቤት ተደለደሉ። ኬብል የክብር ወንበር ተሰጠው። ስልክ ከጎኑ ተቀመጠ። ሬድዮ፣ ሥራ የሚሠራው እሱ ስለሆነ፣ እንደ ቤት ልጅ በር አጠገብ እንዲቆም ተደረገ። አቶ አጓ በዚህ አላበቁም። «ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም ይላል። ኬብሉ ሲገባ ሬድዮው ይጥፋ፤ ባትሪም ይተርፋል።»

የሱፍ «ኬብሉ ገብቶ ወዲያ ማዶ ማንም ባይኖርስ» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ወዲያው ባለፈው ግምገማ ስለ እሱ የተባለው ትዝ አለው፤ «አቃቂር ያበዛል፤ ለለውጡ ያለው አመለካከት ይታይ።» አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ሁለተኛ ከተባለ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል። አፉን ገጠመ። «ጥሩ ነው» አለ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለሚስቱ ምን እንደሚሆን ተረቱ አይናገርም።

እናም ሰኞ ኬብሉ ገባ፤ ታናሽ ዝም አለ።

ጭብጨባው እንዳለቀ አቶ አጓ ሁሉንም አስወጥተው ክፍሉን ቆለፉና ቁልፉን ለአኬሎ ሰጧት። «እንግዶቹ ረቡዕ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እስከዚያ ማንም አይነካውም። አረንጓዴ እንደሆነ ይቆይልን።»

የሱፍ ተከትሏቸው ወደ ቢሯቸው ገባ። «አቶ አጓ፣ የሬድዮውን የእጅ መነጋገሪያ እንኳ ቢሰጡኝ። በድምፅ ልጠይቅ።»

«ቆልፌበታለሁ። በመስኮት አንገት አውጥቶ ኢታንግ ኢታንግ እያሉ ሠፈር ማወክ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

«ከኢታንግ መልእክት ቢመጣስ?»

«በኬብሉ ይመጣል።»

«ኢታንግ ኬብል የላትም።»

አቶ አጓ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ሲቀመጡ የግራ ዓይናቸው ቆብ ይርገበገብ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሱፍ፣ እኔ በኬብሉ ከኢታንግም ከአቦቦም ጋር ተገናኝተናል ብዬ ለአዲስ አበባ አስታውቄያለሁ። ከሁለት ወር በፊት። አሁን ደግሞ ሊያዩ እየመጡ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ሚስትህ ወሯ መቼ ነው?»

«ትንሽ ቀርቷታል። ግን እግሯ…»

«እንግዲህ ረቡዕ ቅርብ ነው። አላህን ለምን። እኔም እለምናለሁ፤ የኔ ደግሞ ለረቡዕ ነው።»

የሱፍ ከዚያ ሲወጣ አንድ ነገር ገባው። የገባው ግን የሚያጽናና አልነበረም። አቶ አጓ አዲስ አበባን ይፈራሉ፤ አኬሎ አቶ አጓን ትፈራለች፤ ጥበቃው አኬሎን ይፈራል፤ እሱ ሁሉንም ይፈራል። በዚህ በኩል ጽሕፈት ቤቱ በሚገባ የተያያዘ ነበር፤ አንድም መስመር አልተቋረጠም።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆሞ በመስታወቱ አሻግሮ አየ። ክቧ አረንጓዴ ናት። ሬድዮው ጨልሟል። ከመስኮቱ ጀርባ የኒም ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ማዶ ሣሩ፣ ከሣሩ ማዶ የወንዙ ዳር፤ ክረምት ስለሆነ ሁሉም አረንጓዴ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ቅጠል ማየት አስፈራው።

ወደ አኬሎ ገባ። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ እያየ ተናገረ።

«አኬሎ እህቴ፣ ቁልፉን ለአንድ አፍታ ስጪኝ።»

«ቁልፍ የለኝም።»

«አንገትሽ ላይ ነው።»

«አንገቴ ላይ ያለው የአቶ አጓ ነው። የኔ አንገቱ ብቻ ነው።»

«ገብቼ ኬብሉን ነቅዬ፣ ኢታንግን ጠይቄ፣ መልሼ እሰካዋለሁ። ማን ያያል?»

«ጥበቃው ያያል። ጥበቃው ያየውን ደግሞ ሻይ ቤት ይናገራል።» አኬሎ ከጽሕፈት መኪናዋ ዓይኗን አላነሣችም። «የሱፍ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም እንዲኖረኝ ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ። ቁልፉን በመዳፏ ያዘችው፤ አላወለቀችውም። «ዛሬ ማታ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አለን። ስሟን እናነሣለን።»

«ጸሎቱ በየትኛው መንገድ ነው የሚሄድላችሁ?»

«እሱ ቁልፍ የለውም» አለች፤ ስትል ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር የሱፍ መቀለዱን ተጸጸተበት።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ። የሞተር ጀልባው ነጂ ሙዎች ማንጎ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ጀልባውን ይጠብቃል።

«ሙዎች፣ ኢታንግ አድርሰኝ።»

«መልእክት መጣ?»

«መምጣት አይችልም።»

«ካልመጣማ ምጥ የለም።»

«ምጥ አለ የለም ማወቅ አልቻልኩም እኮ ነው የምልህ። ሬድዮው ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«ፕሮግራሙ።»

«ፕሮግራሙን ማን ሠራው?»

የሱፍ ወንዙን አየ። ባሮ አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ያልፍ ነበር።

«አየህ» አለ ሙዎች፤ ለመሳደብ አይደለም፤ እንዲያውም ተነሥቶ ተቀመጠለት። «ነገ ጀልባው ለእንግዶች ወንዝ ያሳያል ተብሏል። ያለ ቃል ብነሣ፣ ነገም ባልመለስ፣ ለምን ሄድክ ሲሉኝ ምን እላለሁ? የሱፍ ፈርቶ ነው ልበል?»

«ልክ ነው፤ እንደዚያ በል።»

«ፍርሃት መልእክት አይደለም። ቃል አምጣልኝ፤ አንድ መስመር። ምሳ ቀርቦልኝ ቢሆን ትቼው እነሣለሁ። አምናም የሄድኩት እኔ ነኝ።»

አምና ዘግይቶ የደረሰውም እሱ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ሙዎች መልሶ ተጋደመ፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም።

ከቀትር በኋላ የሱፍ በእግሩ ተነሣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጅረት ሌላ ጊዜ ልጆች የሚዘሉት ነው። ያን ቀን ደረቱ ድረስ ገባ፤ እግሩ መሬት ለቀቀ፤ የያዘው ቁጥቋጦ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ዳር ላይ ተቀምጦ ሲያስል ሩቅ የሴት ድምፅ የሰማ መሰለውና ትንፋሹን ያዘ። ወፍ ነበር። እንደገና ጠራ፤ አሁንም ወፍ ነበር። ጫማው አንዱ ቀርቷል። በአንድ ጫማ ወደ ከተማ ሲመለስ ያገኘው ሰው ሁሉ «ደኅና ነህ?» አለው፤ ለሁሉም «ደኅና» አለ። የሚሉትን የሚያምን ቢኖር ኖሮ ጋምቤላ በዚያ ሳምንት ደኅና ያልሆነ ሰው አይኖራትም ነበር።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነጭ ላንድክሩዘር ግቢው ገባ። የእንግዶቹ መሪ ወይዘሮ ሉሊት ይባላሉ፤ ሁለት ወንዶች ተከትለዋቸዋል። ከመኪናው ሲወርዱ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ላስቲኩን አዩ። ዝቅ ብለው ጫማቸውን አዩ። እሳቸውም ለበላያቸው ዲሹ ሐምሌ ውስጥ ተተክሎ ሥራ ጀምሯል ብለው ነበር።

ክፍሉ ተከፈተ። ስለ እንግዶቹ ክብር አየሩ እንዲቀዘቅዝ ማራገቢያው ተከፍቶ፣ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ያንጫጫል። የሱፍ ኮምፒዩተሩ ፊት እንዲቀመጥ ታዘዘ። ኬብሉ ከክንዱ ብዙ አይርቅም። ከሰኞ ወዲህ ያን ያህል ቀርቦት አያውቅም።

«ወረዳዎቹን በዚህ ታገኛላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ሉሊት።

«እናገኛለን» አሉ አቶ አጓ።

«ኢታንግንም?»

«ኢታንግን፣ አቦቦን።»

«ዛሬ ምን አሉ?»

ማራገቢያው ዞረ። «ሰላም ነው» አሉ አቶ አጓ።

«መልካም» አሉ ወይዘሮ ሉሊት፤ ተከታዮቻቸውም «መልካም» አሉ። ሁሉም ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣ ይጠነቀቅ ነበር፤ ጠያቂዋ ጭምር።

«የሱፍ፣ አረንጓዴውን በቅርብ አሳያቸው።»

የሱፍ ማውሱን ያዘ። አረንጓዴዋን አልፎ ዝርዝሩን ከፈተ። «ሬድዮ» የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ መለሰ፤ «ኬብል አለ። ኬብል ይቀድማል።» ቃሉን እዚያ ያስገባው ራሱ ነው፤ ከስብሰባው ማግስት፣ ፊደል በፊደል። አሁን ሲያነበው ሌላ ሰው የጻፈበት መሰለው።

እጁን ወደ ማሽኑ ጀርባ ላከ።

«የሱፍ» አሉ አቶ አጓ፤ በጣም ለስለስ አድርገው።

አኬሎ ወለሉን አየች። ሥራው፣ ቤቱ፣ አባቱ በአቦቦ ሰው ሁሉ ፊት «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» የሚሉት፣ ሁሉም ጣቶቹ መካከል ባለችው ሰማያዊ ጅማት ላይ የተንጠለጠለ መሰለው። አልደፈረም። እጁ ግን ነቀለው።

ክቧ ቀላች። «ተቋርጧል» አለች። ጥጉ ላይ ሬድዮው መብራቱን ከፍቶ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የአየሩ ሹክሹክታ ክፍሉን ሞላው። የሱፍ ጻፈ፤ «ኢታንግ። ጋምቤላ ነው። ሳሊሃ እንዴት ናት?» የሬድዮው ሣጥን ጮኸ። ላከ። ጠበቁ።

መልስ የለም።

ደገመ። ሣጥኑ ጮኸ። ሹክሹክታው ብቻ ተመለሰ። «ኢታንግ አልመለሰም» አለ ማሽኑ። ኛታንግ ወባ ይዟት እንኳ፣ ብርድ ልብስ ለብሳ ሬድዮው አጠገብ የምትተኛ ሰው ናት። ኢታንግ ሬድዮው የሚዘጋው አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶ አገሩ ሁሉ ለቀብር ሲወጣ። አምናም እንደዚህ ዝም ብሎ ነበር። ኛታንግ ያኔ ጉድጓዱ ዳር ቆማ ነበር፤ ጉድጓዱም ትንሽ ነበር። የዘንድሮው ምን ያህል እንደሚሆን እንዳያስብ ታገለ፤ አሰበው።

«ኢታንግ ስብሰባ ላይ ትሆናለች» አሉ አቶ አጓ።

«ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ሉሊት።

የሱፍ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። አሁን «ሳሊሃ» የሚለውን ስም ብቻ ነው የጻፈው። ሣጥኑ ጮኸ። ማንም መጻፉን ተው አላለውም፤ ማንም ኬብሉን መልስ አላለውም። ከላኩት ቃል በኋላ ያለው ዝምታ እንግዳውንም ባለቤቱንም እኩል አስቀምጦ ያስደምጣል። ከተከታዮቹ አንዱ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ።

በዚህ መካከል ከውጭ የትራክተር ድምፅ መጣ፤ እየቀረበ መጣ፤ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ቆመ። ሰው በሩጫ ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ የቆመችው ረጅም ሴት እስከ ወገቧ ጭቃ ነበረች። ጋምቤላ ያሉት ሰዎች ስሟን እንጂ መልኳን ብዙም አያውቁም፤ የሱፍ ግን አወቃት። ኛታንግ ናት።

የኛታንግ ዓይን በሰዎቹ ላይ አንድ ባንድ ሄደ። የምትቆጥራቸው ይመስል ነበር። «አላችሁ» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ብልክ ብልክ ጋምቤላ ዝም። ጋምቤላ ሞተች ብለን ነበር።» ከዚያ የሱፍን አየችው። «ሚስትህ ትሬለር ላይ ናት። ትናንት ማታ ጀመራት፤ ሌሊቱን ሙሉ ጭቃውን በትራክተር ጥሰን መጣን። ልጁ እምቢ ብሏል። ቶሎ ና።»

የሱፍ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ።

ሳሊሃ ትሬለሩ ላይ፣ በሩዝ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። በላይዋ ላይ ሰዎች ላስቲክ ወጥረው ይዘዋል፤ እጃቸው ደርቆ ላስቲኩን መልቀቅ አቅቷቸዋል። ፊቷ አመድ ሆኗል። እጁን ስትይዘው የጣቶቿ ኃይል አስደነገጠው።

«የሱፌ» አለች። «ጠራሁህ።»

«አብሽሪ። መጥተሻል። ደርሰሻል።»

«ወላሂ ጠራሁህ። ኛታንግን ጠይቃት። ስንቴ ነው ያስላክኋት።»

ሌላ ሕመም መጣና አፏን ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ እጁን ብቻ አልለቀቀችም።

ወይዘሮ ሉሊት ደረጃው ላይ ወጥተው ነበር። ሹፌራቸው በዓይኑ ጠየቃቸው። «የኋላውን ክፈት» አሉ። ሰው ተሰበሰበ። አቶ አጓ አንዱን የጆንያ ጫፍ ያዙ፤ ክራቫታቸው ጭቃው ውስጥ ተነከረ፤ አላወጡትም። ሳሊሃን አስገቡ፤ የሱፍ ገባ፤ ኛታንግ ሳትጠየቅ ከነጭቃዋ ነጩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ላንድክሩዘሩ ወደ ሆስፒታሉ ሲከንፍ ጡሩምባው እስኪርቅ ተሰማ።

እናት መትረፏ፣ ሴት ልጅም ትንሽ ቆይታ ብታለቅስም ማልቀሷ፣ የታወቀው አመሻሹ ላይ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ግቢው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም መኪናው የሄደበትን መንገድ እያየ ቆሟል።

ወይዘሮ ሉሊት ፊታቸውን ሲመልሱ ትሬለሩ ባዶ አለመሆኑን አዩ። ላስቲክ ይዘው የመጡት ሰዎች እዚያው ናቸው። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት፣ የከብት ክትባት የሚሰጥ ሰው፣ ሌሎችም፤ ተራ በተራ እየተደጋገፉ ይወርዳሉ። ወርደውም አልሄዱም። በሩ ፊት ተሰለፉ።

«እናንተስ?» አሉ ወይዘሮ ሉሊት።

የከብቱ ሰው መለሰ። «እኛም የምንነግራችሁ ነበረን። ሬድዮው ዝም ሲል፣ ትራክተሩ መሄዱ ካልቀረ ብለን ተሳፈርን።»

አቶ አጓ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይመዘገባል፤ በሥርዓቱ…» ብለው ጀመሩ፤ ቀጣዩ ቃል አልመጣላቸውም። ወይዘሮ ሉሊትን አዩ። ወይዘሮ ሉሊትም አዩአቸው። ከዚያ ወይዘሮ ሉሊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ከእርስዎ እንጀምር» አሉ።

ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ለስብሰባ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ ተናገሩ።

«ውኃው እሑድ ሌሊት ገባ። ታችኛው ሠፈር የለም። ሰዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ጀልባውን እየጠበቁ።»